የቆየ ሜርክሊን ባቡር ከጀርመን ወደ አሜሪካ መሸጥ ያዋጣል ወይ ላልሽው እህት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ባለቤትሽ የሟች ቤት ዕቃ የማውጣት ሥራ ላይ ሁለት ካርቶን ሙሉ የቆየ ሜርክሊን፣ ማለትም የጀርመኑን የመጫወቻ ባቡር፣ አገኘ፤ ወራሾቹም «ውሰደው» አሉት። አንቺ ደግሞ «አሜሪካ ላሉ ሰብሳቢዎች በኢቤይ ብሸጠው ያዋጣል? እንዴትስ ይላካል?» ነው ያልሽው። ከሥር «ሽፔርሙል (የትልልቅ ዕቃ ቆሻሻ) ላይ አውጥታችሁ ጣሉት» ያለሽን ወንድም አትስሚው። ምን እንደሆነ አያውቅም።

እኔ ሽቱትጋርት አካባቢ ነው የምኖረው። ሜርክሊን በ1859 የተመሠረተበት ጎፒንገን ከዚህ ቅርብ ነው። ይህን ዕቃ ከየቁንጫ ገበያው እየሰበሰብኩ ባሕር ማዶ መሸጥ ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ከደመወዜ በላይ ያገኘሁበት ወር አለ። አባቴ ድሬዳዋ የምድር ባቡር ወርክሾፕ መካኒክ ስለነበር ባቡር ሲባል ለእኔ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ያንቺም ነገር ከእኔ አጀማመር ጋር አንድ ነው፣ ስለዚህ ዝም ብለሽ ያልኩሽን አድርጊ።

1. ካርቶኑ ውስጥ ከባድ ሰማያዊ የብረት ትራንስፎርመር አይጠፋም። እሱን አውጪና ለይተሽ አስቀምጪ። የተሠራው ለ220 ቮልት ነው፣ አሜሪካ ደግሞ 120 ነው። ገመዱም አርጅቶ ተሰነጣጥቆ ሊሆን ስለሚችል «ልሞክረው» ብለሽ እንዳትሰኪው። የቆርቆሮ መሠረት ያለውን ሀዲድም ወደ ውጭ አትላኪ። ክብደቱ የፖስታውን ዋጋ ይበላዋል። እሱን እዚሁ ክላይንአንሳይገን በሚባለው የጀርመን የማስታወቂያ ድረ ገጽ ላይ በጅምላ ሽጪው፣ መጥተው ይወስዱልሻል። ባሕር የሚሻገረው ሎኮሞቲቩና ጥሩ ጥሩ ፉርጎው ነው።

2. ዋጋ ስታዪ ሰው የጠየቀውን ሳይሆን የተሸጠበትን እዪ። ኢቤይ ላይ «የተሸጡ ዕቃዎች» የሚለውን ማጣሪያ ተጫኚ። «3000» የሚል ቁጥር ያላትን ትንሿን ጥቁር ሎኮሞቲቭ ሁለት መቶ ዩሮ የሚጠይቅባት ሞልቷል፣ ግን ለብዙ አሥርት ዓመታት የተመረተች ስለሆነች በየቤቱ አለች። ቁጥሩ «3015» ወይም «ሲሲኤስ 800» ከሆነና አረንጓዴ፣ ረጅም፣ መሀሉ ላይ የሚታጠፍ ከሆነ ግን ቁጭ በይ። እሱ የስዊዝ ሎኮሞቲቭ ሞዴል ነው፣ ሰብሳቢው ሁሉ «አዞ» ነው የሚለው። ለእሱ ሲሉ ሌሊት ተነስተው ጨረታ የሚጠብቁ ሰዎች አውቃለሁ።

ዋናው ሣጥን ካለ፣ ቢቀደድም እንዳትጥዪው። ሣጥኑ ራሱ ዋጋ አለው። «ምዕራብ ጀርመን» የሚል ጽሑፍ ካለበት ከ1990 በፊት የተሠራ ነው፣ ያንን በፎቶ አሳዪ። ደግሞ እባክሽ አታጽጂው! በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ አቧራውን ማራገፍ ይበቃል። አልኮል ያስነካሽው ቀን ጎኑ ላይ ያለው ቁጥርና ጽሑፍ አብሮ ይሄዳል፤ ሰብሳቢ ደግሞ ከተወለወለ ይልቅ አቧራ የጠጣ ዕቃ ይመርጣል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊትና ወዲያው ከጦርነቱ በኋላ የተሠሩትን በባትሪ መብራት ፈትሺ። የተሠሩበት ዚንክ ንጹሕ ስላልነበረ ሰውነቱ ላይ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ይወጣል፣ ያብጣል፣ ቀስ እያለም ይፈረፈራል። መድኃኒት የለውም። ካየሽ በግልጽ ጻፊው።

ሌላው መጻፍ ያለብሽ ነገር ይህ ነው፦ «ባለ ሦስት ሀዲድ፣ ተለዋዋጭ ኮረንቲ፣ 16 ቮልት»። ብዙ የአሜሪካ ሰብሳቢ ቤቱ ያለው ሀዲድ ባለ ሁለት መስመርና ቀጥተኛ ኮረንቲ ነው። የሜርክሊን መሽከርከሪያ ኮረንቲን ለሁለት አይከፍልም፣ ስለዚህ እዚያ ሀዲድ ላይ ሲያስቀምጠው ሾርት ያደርጋል። ከዚያ «የማይሠራ ዕቃ ልከሽልኛል» ብሎ ገንዘቡን ያስመልሳል። አንዱ ሰውዬ ይህንኑ ሞክሮብኝ ነበር። ማስታወቂያዬ ላይ በደማቁ ስለጻፍኩት ኢቤይ ለእኔ ፈረደ።

3. ማሸግ። ይህንን በደንብ አንብቢው፣ ሌላውን ብትረሺ እንኳን።

አንድ አዞ ኦሃዮ ለሚኖሩ አዛውንት ሸጬ ነበር። ከ300 ዩሮ በላይ ነው የሄደው። ጣሪያው ላይ ኮረንቲ የሚቀበሉት ሁለቱ የብረት ክንዶች ሲነኩ ይታጠፋሉ። እነሱን ዝቅ አድርጌ በስስ ክር አሰርኩ፣ በመሀላቸው ሶፍት ጠቀጠቅኩ፣ አካሉን በአሲድ አልባ ወረቀት ጠቀለልኩ። ፊኛ ያለውን ፕላስቲክ ቀለሙ ላይ በቀጥታ አላደርግም፣ በጊዜ ብዛት የፊኛው ክብ ቀለሙ ላይ ይታተማል። ከዚያ ዋናው ሣጥን፣ ከዚያ ጠንካራ ካርቶን፣ ከዚያ በሁሉም ጎን አምስት ሴንቲሜትር ክፍተት ያለው ሌላ ካርቶን። እንደ ዶሮ ወጥ እንቁላል ተጠንቅቄ ነው ያስቀመጥኩት። በየደረጃው ፎቶ አነሳሁ። ስወዘውዘው ምንም ድምፅ እንደማይሰማ እንኳን ቪዲዮ ይዣለሁ።

ደረሰ። ካርቶኑ አንድ ጥጉ ገብቷል። አንዱ ክንድ ተጨፍልቋል፣ የፊት ለፊቱ መወጣጫ ተጣሟል። አዛውንቱ በጣም ጨዋ ሰው ናቸው፤ ወዲያው ፎቶ ላኩልኝ፣ ካርቶኑንም እንዳይጥሉ ስነግራቸው «አስቀምጬዋለሁ» አሉኝ። መድን ስላለኝ ጉዳቱን ለአጓጓዡ ድርጅት አመለከትኩ። ስሙን አልጠራውም።

መልሱ አንድ አንቀጽ ነበር፦ «ማሸጊያው በቂ ስላልነበረ ካሳ አንከፍልም።» ካርቶኑን አንድም ሰው አላየውም፣ ኦሃዮ ነው ያለው! እንዴት አወቁ? ወደ ቅርንጫፋቸው ሄድኩ። መስኮቱ ላይ የነበረችው ሴትዮ ወረቀቱን ቀና ብላ እንኳን ሳታይ «ደንቡ ጀርመንኛ ነው፣ መጀመሪያ ማንበብ ተማር» አለችኝ። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሰምቷል። እዚህ ሀገር ግብር ስከፍል የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ልጆቼ የሚማሩት በዚያ ቋንቋ ነው። ደሜ ፈላ። ግን አልጮኽኩም። የራሳቸውን የማሸጊያ መመሪያ አትሜ ይዤ ስለነበር እያንዳንዱን ነጥብ በጀርመንኛ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላት፣ በየነጥቡም ፎቶዬን አሳየኋት። ኃላፊዬን ልጥራ አለች። ኃላፊውም ፊት ነሳኝ፣ «በጽሑፍ አቅርብ» ብሎ ተመለሰ።

በጽሑፍ አቀረብኩ። ፎቶዎቹን በቁጥር፣ የኦሃዮውን ሰውዬ ምስክርነት፣ የሽያጩን ደረሰኝ፣ የጥገና ዋጋ ግምት፣ ሁሉንም አያይዤ በአደራ ደብዳቤ ላክሁ። እንደገና እንቢ አሉ። እንደገና ጻፍኩ፣ በዚህኛው ጠበቃ እንደማማክር ገለጽኩ። ከፈሉ። ሙሉውን! ይቅርታ ግን የለም። ያችም ሴትዮ ዛሬም እዚያው መስኮት ላይ ናት።

ስለዚህ እህቴ፣ ፎቶ ሳታነሺ ካርቶን እንዳትዘጊ። የመላኪያ ዓይነቱንም እዪ። ርካሹ ፔክሽን (ትንሹ እሽግ) መድን የለውም፣ ፓኬት (መደበኛው እሽግ) ግን አብዛኛውን ጊዜ እስከ 500 ዩሮ ድረስ መድን አለው። ከዚያ በላይ የሚያወጣ ከሆነ ተጨማሪ ክፈዪ።

4. ጉምሩክ። አሜሪካ ከ800 ዶላር በታች ያለውን ዕቃ ከቀረጥ ነፃ ታስገባ ነበር፣ ያ ከ2025 ኦገስት 29 ጀምሮ ቀርቷል። ስለዚህ ቀረጡን ማን እንደሚከፍል ከገዢው ጋር ሳትስማሚ አትላኪ፤ አጓጓዡንም ቀረጥ አስቀድሞ የሚከፈልበት መንገድ እንዳለው ጠይቂ። ወረቀቱ ላይ «ዕቃ» ብለሽ አትለፊው። «ያገለገለ ሞዴል ሎኮሞቲቭ፣ በጀርመን የተሠራ» ብለሽ ጻፊ፣ የታሪፍ ቁጥሩ በ9503 ይጀምራል። ስዊዘርላንድም የአውሮፓ ኅብረት አባል ስላልሆነች ያው ወረቀት ያስፈልጋታል። አዞውን የሚወዱት ደግሞ ስዊዞቹ ናቸውና አትርሻቸው። «ስጦታ ብለሽ ጻፊልኝ፣ ዋጋውንም 20 አድርጊው» የሚል ገዢ ይመጣብሻል። እንዳታደርጊው። ሐሰት መሆኑ አንድ ነገር ነው፤ ዕቃው ቢጠፋ ደግሞ የሚከፈልሽ የጻፍሽው 20 ነው።

5. ክፍያ በፔይፓል ከሆነ «ለወዳጅ ዘመድ» በሚለው አትቀበዪ፣ ገዢውም አያምንሽም።

6. ግብር። በዓመት 30 ዕቃ ወይም ከ2000 ዩሮ በላይ ከሸጥሽ ኢቤይ ስምሽን ለግብር መሥሪያ ቤት ያሳውቃል። ያ ማለት ግብር ትከፍያለሽ ማለት አይደለም። ግን ባለቤትሽ ከሥራው እያመጣ አንቺ በተከታታይ የምትሸጪ ከሆነ ያ ንግድ ነው፣ ገቨርበ (የንግድ ምዝገባ) አውጡ። ቀላል ነው፤ የእኔዋ የገቨርበ ቢሮ ሠራተኛ እንዲያውም አባቷ የሜርክሊን ሰብሳቢ ሆነው ተገኙና ግማሽ ሰዓት ስለ አዞ ስናወራ ቆየን።

አሁን ጥር ነው፣ ሰው ከገና ግዢ በኋላ ኪሱ ባዶ ነው። ሎኮሞቲቮቹን እስከ መስከረም አቆይተሽ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ አውጪያቸው፣ ዋጋው ያኔ ነው የሚነሳው። እስከዚያ ደረቅ ቦታ ይቀመጡ፣ ምድር ቤት አይሆንም። የእያንዳንዱን ሎኮሞቲቭ ሆድና የሣጥኑን ቁጥር ፎቶ አንሺና እዚሁ ከሥር ለጥፊልኝ፣ የትኛው ባሕር እንደሚሻገር አንድ በአንድ እነግርሻለሁ።