ከፊትሽ ካለው መኪና ሦስት ሰከንድ ራቂ

እህቴ፣ መንጃ ፈቃድ ካወጣሽ አራት ወርሽ እንደሆነና ልጆችሽን ይዘሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአዲስ አበባ ሐዋሳ ልትነጂ እንደሆነ ጽፈሻል። «በስንት ልንዳ? ከፊቴ ካለው መኪናስ ስንት ሜትር ልራቅ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ በዚህ መንገድ ለዓመታት ተመላልሻለሁ። የማውቀውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ሜትሩን እርሺው። እየነዳ ሜትር በትክክል የሚገምት ሰው አላጋጠመኝም። ሰከንድ ቁጠሪ። ከፊትሽ ያለው መኪና አንድ ምሰሶ ወይም የመንገድ ምልክት ሲያልፍ ጀምሪ፦ አንድ ሺህ አንድ፣ አንድ ሺህ ሁለት፣ አንድ ሺህ ሦስት። ሳትጨርሺ ምሰሶው ጋ ከደረስሽ ተጠግተሻል። እግርሽን ከነዳጁ ላይ አንሺና ይራቅሽ።

በ100 ስትነጂ መኪናሽ በአንድ ሰከንድ 28 ሜትር ገደማ ይሄዳል። አደጋውን አይተሽ እግርሽ ፍሬን ላይ እስኪያርፍ ብቻ አንድ ሰከንድ ያልቃል፣ አንዳንዴም በላይ። መኪናው ገና መቀነስ አልጀመረም። ደግሞ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ፍሬን ተይዞ እስኪቆም የሚሄደው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ከተማ ውስጥ በ50 የለመድሽው ፍሬን በ100 ላይ አይሠራልሽም።

እኔ ይህ የገባኝ መቂን አልፌ ነው። ቲማቲም የጫነ አይሱዙ እየተከተልኩ ነበር። ደርቤ ለማለፍ ስል ተጠግቼዋለሁ። አህያ ገባችበትና ፍሬን ያዘ። የኋላ መብራቱ ሲበራ አይቻለሁ፣ ረግጫለሁም፤ ፔዳሉ ግን አልወርድ አለኝ። ልጄ የጣለችው የውሃ ጠርሙስ ተንከባሎ ሥሩ ተሸጉጧል። ወደ ቀኝ ጠምዝዤ ከአስፋልቱ ወጣሁ። ስንቆም የግራ ስፖኪዮዬ ተሰብሮ ተንጠልጥሏል። በኋላው መስኮት ላይ የቲማቲም ውሃ ይወርዳል። ልጄ ደም መስሏት ጮኸች። ያ ጩኸት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

ርቀት ስትጠብቂ ሚኒባሶች እየመጡ ክፍተቱ ውስጥ ይገቡብሻል። ያናድዳል፣ አውቃለሁ። እንደገና ቀነስ አድርጊና ሦስቱን ቁጠሪ። አንዱ ቢገባብሽ የሚወስድብሽ ሦስት ሰከንድ ነው። አሥር ቢገቡ እንኳ ግማሽ ደቂቃ ነው። ከኋላሽ ተለጥፎ መብራት የሚያበራብሽ ካለም አትፍጠኚለት። ከፊትሽ ያለውን ርቀት ጨምሪና አሳልፊው።

ፍጥነቱን በተመለከተ፣ በፍጥነት መንገዱ ላይ የቀኙን መስመር ይዘሽ ከ90 እስከ 100 ይበቃሻል። ምልክቱ የሚፈቅደው ቁጥር ጣሪያ ነው፣ ግዴታ አይደለም። 80 ኪሎ ሜትር በ100 ብትነጂ 48 ደቂቃ ይፈጃል፣ በ120 ደግሞ 40። ልዩነቱ 8 ደቂቃ ነው።

ከፍጥነት መንገዱ ስትወጪ ነገሩ ይለወጣል። ጋሪ፣ ባጃጅ፣ ከብት፣ ከትምህርት ቤት የሚወጡ ልጆች አሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። ለረጅም ጊዜ በ100 ከነዳሽ በኋላ 60 የእግር ጉዞ ይመስልሻል። ስሜትሽን አትመኚ፣ ዳሽቦርዱን እዪ።

ዝናብ ከጣለ ሦስቱን ስድስት አድርጊው። በተለይ መጀመሪያ ሲያካፋ ተጠንቀቂ፤ አቧራውና የፈሰሰው ዘይት ገና ስላልታጠበ አስፋልቱ ያንሸራትታል።

ማታ አትንጂ። መብራት የሌለው ጋሪ አጠገቡ እስክትደርሺ አይታይም። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ብትነሺ ቁርሳችሁን ባቱ ላይ ትበላላችሁ። ከዚያ ስትነሱም ልጆቹ የጣሉት ነገር እንዳለ ጎንበስ ብለሽ እግርሽ ሥር እዪ።