ባለቤቴ ሲያንኮራፋ ትንፋሹ ይቆማል

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ባለቤቴ 47 ዓመቱ ነው፤ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ማንኮራፋቱንስ ለምጄዋለሁ። የሚያስፈራኝ በመሀል ጸጥ ሲል ነው። ትንፋሹ ይቆማል፣ ከዚያ እንደታነቀ ሰው አጓርቶ ይባንናል። አማቴ «ዱካክ ነው» ይላሉ። እሱ «ደክሞኝ ነው» ይላል። ባለፈው ሳምንት መሪ ላይ እንዳሸለበው ነገረኝ። ምን ላድርግ? (ከአዳማ)

መልስ፦ መጀመሪያ የመሪውን ነገር እንጨርስ። ባለቤትዎ ተመርምረው ሕክምና እስኪጀምሩ መንዳት የለባቸውም። እንጀራቸው መሆኑን አልረሳሁም። ግን ይህን እንቅልፍ ቡናም ጫትም አይመልሰውም።

ወደ ዱካኩ ልምጣ። ዱካክ የያዘው ሰው ነቅቶ ሳለ ሰውነቱ አልታዘዝ ይለዋል፤ ጠዋት የሚያወራውም ራሱ ነው። ባለቤትዎ ግን ምንም አያስታውሱም፤ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። ይህ ስሊፕ አፕኒያን፣ ማለትም በእንቅልፍ ትንፋሽ የሚቋረጥበትን ሕመም፣ ይመስላል። እንቅልፍ ሲከብድ የጉሮሮ ጡንቻ ይላላል፣ ምላስም ወደ ኋላ ይወድቃል፣ የአየሩ መንገድ ይዘጋል። ደረት ይታገላል፣ አየር ግን አይገባም። ኦክስጅን ሲወርድ አንጎል ደንግጦ ይቀሰቅሳቸዋል። ያ የሚሰሙት ማጓራት እሱ ነው። ትንፋሽ 10 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲቋረጥ እንቆጥረዋለን። በሰዓት ከ30 ጊዜ በላይ ከሆነ ከባድ የሚባለው ነው።

ዛሬ ማታ ስልክዎን አጠገባቸው አድርገው ድምፃቸውን ይቅረጹ። እኔ ጋ የሚመጡ ወንዶች ብዙዎቹ «እኔ? አላንኮራፋም!» ባዮች ናቸው። የራሳቸውን ድምፅ ሲሰሙ ክርክሩ ያበቃል። የአንገታቸውንም ዙሪያ በሜትር ይለኩ፤ ከ40 ሴንቲሜትር ካለፈ ጥርጣሬው ይጨምራል። የደም ግፊታቸውንም ያስለኩ፤ ግፊትና ይህ ሕመም አብረው መገኘት ይወዳሉ። ማረጋገጫው ግን ጣት፣ ደረትና አፍንጫ ላይ መሣሪያ ተደርጎ የሚታደርበት የእንቅልፍ ምርመራ ነው።

ሕክምናው ሲፓፕ የሚባል ማሽን ነው። በጭንብል በኩል አየር እየገፋ ጉሮሮ እንዳይዘጋ ይይዘዋል። ድሮ ለከባዱ ሕመም የነበረው መፍትሔ አንገት ላይ ቀዳዳ መክፈት ነበር። አውስትራሊያዊው ሐኪም ኮሊን ሱሊቫን ሲድኒ ውስጥ የቫኪዩም ክሊነር ሞተር አየር እንዲተፋ አድርጎ ሞከረና እ.ኤ.አ. በ1981 የ5 ሕመምተኞችን ውጤት አሳተመ። የመጀመሪያው ጭንብል ፊት ላይ በማጣበቂያ ነበር የሚለጠፈው። ስለዚህ የዛሬው ጭንብል ቢያስጠላቸውም ይታገሱ።

ተአምር ግን አይጠብቁ። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ትልቅ ጥናት የልብ ወይም የስትሮክ ሕመም የነበረባቸውን ከ2,700 በላይ ሰዎች ተከታትሎ ነበር። ማሽኑ የቀን እንቅልፋቸውን ቀነሰላቸው፤ የልብ ድካምና ስትሮክ እንዳይመለስ ግን አላገደም። ሰዎቹ በአማካይ በሌሊት 3.3 ሰዓት ብቻ ነበር ያደረጉት። እኔ እንደሚመስለኝ ግማሽ ሌሊት የተደረገ ማሽን ግማሽ ሕክምና ነው። ማሽኑን ስትገዙ ባትሪውንም ጠይቁ፤ መብራት የሚጠፋው ሌሊት ነውና።

ክብደት መቀነስና በጎን መተኛት ይረዳል። ማታ መጠጥም ሆነ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የእንቅልፍ ኪኒን አይሆንም።

ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ ቅጂውን ይዘው አብረዋቸው ይግቡ። ብቻቸውን ከላኳቸው «ደህና ነኝ» ብለው ይመለሳሉ።