የዕድሩ ጸሐፊ እኔ፣ ዘጋቢውም እኔ

ይድረስ ለተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፣

ደሴ ከተማ ውስጥ የጋዜጣ ዘጋቢ ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆነኝ። የሰፈሬ ሰው ዘጋቢነቴን የሚያስታውሰው ሲቸግረው ብቻ ነው። መብራት ሲጠፋ የሚንኳኳው የእኔ በር ነው። ቦኖው ሲደርቅ እናቶች ባዶ ጀሪካናቸውን ደጃፌ ላይ ደርድረው «ጻፍልን» ይላሉ። ጽፌ ውሃው ሲመጣ ምስጋናው ለቀበሌው፣ ሲቀር ወቀሳው ለእኔ። ዕድሩም «እጁ ይጽፋል» ብሎ ጸሐፊ ካደረገኝ 6 ዓመት አለፈ። እሑድ የሚባል ቀን የለኝም። ዋና አዘጋጄ «ከሰፈርህ ውጭ ከተማ የለም ወይ?» ይለኛል፤ ባለቤቴንም መሯታል።

አሁን ደግሞ ለድንኳንና ለወንበር መግዣ ያዋጣነው ገንዘብ ጉዳይ መጣ። ድንኳኑ አልተገዛም፤ ሰብሳቢው ደረሰኝ የላቸውም። ገንዘቡ ወጪ እንዲሆን የተወሰነበትን ቃለ ጉባኤ መቼም እንደ ልማዱ እኔው ጽፌ ፈርሜበታለሁ። ዜናውን «ስማቸው እንዲገለጽ ያልፈለጉ የዕድሩ አባል» ብዬ ባወጣው ነውር አለው? ወይስ ዕድሩን ልልቀቅ?

የታከተው፣ ከደሴ

ወንድሜ፣

ያ አባል አንተ ነህ! የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 የምንጭህን ማንነት እንድትጠብቅ የፈቀደልህ በመናገሩ ጉዳት የሚደርስበት ሰው ስላለ ነው። አንተ ግን ፊርማህን ልትሸፍንበት አሰብህ። «መቼም እንደ ልማዱ» ብለህ ያለፍካት ቃል ነች ያስቆጣችኝ። ደረሰኝ ሳታይ ፈርመሃል። 14 ዓመት ባለሥልጣን ስትጠይቅ የኖርክ ሰው፣ ከጎንህ የተቀመጡትን ሰብሳቢ ለመጠየቅ አፈርክ።

ስለዚህ ይህን ዜና አንተ አትጽፈውም። መጀመሪያ በዕድሩ ጉባኤ ተነስተህ «ፈርሜያለሁ፤ ደረሰኝ ግን አላየሁም» በል። ቀጥሎ ለዋና አዘጋጅህ ሁሉንም ንገረው፤ ሌላ ባልደረባህ ይዘግበው። አንተን በስምህ፣ በጸሐፊነትህ ይጠይቅህ። ሰብሳቢውንም ዜናው ሳይታተም ያነጋግራቸው፤ ምናልባት ገንዘቡ ባንክ ተቀምጦ ይሆናል።

የጸሐፊነቱን መዝገብ አስረክብ። ዕድሩን ግን እንዳትለቅ! ለቅሶ ቤት ተቀምጦ የማያውቅ ዘጋቢ ስለ ሰፈሩ ምን ሊጽፍ ነው? እነዚያ እናቶች ጀሪካናቸውን ይዘው መጀመሪያ የመጡት አንተ ደጅ ነው። እኔ ስጽፍ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ደጄ ላይ አንድም ጀሪካን ቆሞ አያውቅም፤ ቀናሁብህ።

ባለቤትህ ስለ ፊርማው የምታውቅ አይመስለኝም። ከጉባኤው በፊት፣ ዛሬ ማታ ንገራት።