አባይ በረሃ ላይ የጠፋው ፍሬን

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲል ጽፎልኛል፦

«ጋሼ፣ ለትንሣኤ እናቴን፣ ባለቤቴንና ሁለት ልጆቼን ይዤ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ ወጣሁ። መኪናዬ አውቶማቲክ ቪትዝ ናት። ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ ስወርድ ግማሽ መንገድ ላይ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ትንሽ ቆይቶ ፔዳሉ እየላላ ሄደ። አንድ ኩርባ ላይ ስረግጠው ወለሉ ድረስ ወረደ። ደጋግሜ ስረግጥ እንደምንም ያዘልኝና ዳር ይዤ ቆምኩ። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቼ ስሞክረው ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ፍሬኑ ጠንካራ ነው። ደብረ ማርቆስ ስደርስ ጋራዥ አስፈተሽኩ። ‹ሸራው አዲስ ነው፣ የሚያፈስ ነገር የለም፣ ፍሬንህ ደህና ነው› አሉኝ። ታዲያ ምን ነበር? ነዳጅ ይቆጥባል ስለተባልኩ በፎሌ፣ ማለትም ማርሹን ኤን ላይ አድርጌ ነበር የምወርደው። ማርሹ ላይ ያሉት 2 እና ኤል ምን ይሠራሉ? ነክቻቸው አላውቅም።»

ወንድሜ፣ እንኳን ተረፋችሁ። ደብዳቤህን ሳነብ እናትህና ልጆችህ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ታዩኝ። ስለዚህ ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ልመልስልህ።

ጋራዡ አልዋሸህም። መኪናዋን ያዩት ግን ፍሬኑ ከበረደ በኋላ ነው። ያንተ ችግር ደግሞ ሲበርድ የሚደበቅ ችግር ነው። እንደ ነገርከኝ ከሆነ የፍሬን ዘይትህ ፈልቶ ነበር።

ፍሬን ስትረግጥ ፔዳሉ ዘይቱን ይገፋዋል። ዘይቱ በቀጭን ቱቦ ሄዶ ሸራውን ከዲስኩ ጋር ያጣብቀዋል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ፈሳሽ ሲጫኑት ስለማይታመቅ ነው። የፍሬን ዘይት ግን አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ክዳኑ ተከድኖ እንኳ በዓመታት ውስጥ ውሃ ይገባበታል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል። 3.7 በመቶ ውሃ ሲቀላቀልበት ግን መፍያው እስከ 140 ሊወርድ ይችላል። ቁልቁለት ላይ ሲጋል የከረመ ፍሬን ደግሞ 140 ዲግሪን በቀላሉ ያልፋል። ዘይቱ ሲፈላ አረፋ ይሠራል። አረፋ እንደ ስፖንጅ ይታመቃል። እግርህ ሸራውን መጫኑ ቀርቶ አረፋውን ሲጨምቅ ይውላል። ፔዳሉ ወለል የነካው ለዚህ ነው። ሲበርድ አረፋው ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል፣ ፔዳሉም ይጠነክራል። ከዚያ ጋራዥ ገብተህ «ደህና ነው» ትባላለህ።

አንድ ነገር ለይተህ እወቅ። ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ መኪናዋ አልቆም ካለች፣ የጋለው ሸራው ነው፤ ዲስኩን የመንከስ አቅሙን አጥቷል። ፔዳሉ ከላላና ከወረደ ደግሞ ነገሩ ከዘይቱ ነው። ሁለቱም በሙቀት ይመጣሉ። ሁለተኛው ግን በድንገት ስለሚመጣ የበለጠ ያስፈራኛል። አንተ መጀመሪያ ሽታውን አገኘኸው፣ ቀጥሎ መላላቱን። ሽታው የመጨረሻው ማስጠንቀቂያህ ነበር። ያኔ ወዲያውኑ መቆም ነበረብህ።

ያ ሁሉ ሙቀት ከየት መጣ? ከጎሃ ጽዮን እስከ አባይ ድልድይ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚያ ውስጥ ወደ 1,400 ሜትር ትወርዳለህ። አምስት ሰውና ሻንጣ የጫነች ቪትዝ 1,300 ኪሎ ትሁን እንበል። ይህ ክብደት ከዚያ ከፍታ ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ወደ ሙቀት ቢቀየር ከ50 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ከፊሉን ነፋሱና ጎማው ይወስዱልሃል። የቀረውን ሞተሩ ካልተካፈለ በቀር፣ መዳፍ የማያህሉ የፍሬን ሸራዎች ብቻቸውን ይሸከሙታል። በፎሌ ስትወርድ ሞተሩን ከሥራው አሰናበትከው ማለት ነው።

ነዳጅ ይቆጥባል የሚለውንም ልንገርህ፤ ስህተት ነው። እንደ ቪትዝ ያሉ በኢንጄክሽን የሚሠሩ ሞተሮች ማርሽ ውስጥ ሆነው እግርህን ከነዳጅ ላይ ስታነሳ፣ ቁልቁለት ላይ ነዳጁን ራሳቸው ይዘጉታል። ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው። በፎሌ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ማቃጠል አለበት። ስለዚህ በፎሌ መውረድ ነዳጅም ያወጣል፣ ፍሬንም ይበላል። ጭራሽ ሞተር አጥፍተው የሚወርዱም አይቻለሁ። እባካችሁ ተዉት። ሞተር ሲጠፋ ፍሬኑን የሚያግዘው ሰርቮ ሁለት ሦስት ጊዜ ከረገጣችሁ በኋላ ያልቅበታል፣ ፔዳሉም ድንጋይ ይሆናል። መሪው ይከብዳል። ቁልፉ ወደ መጨረሻው ከተመለሰ ደግሞ መሪው ሊቆለፍ ይችላል።

አሁን ወደ 2 እና ኤል እንምጣ። ዲ ላይ ስትነዳ መኪናዋ እንደ ፍጥነትህ ወደ ላይኛው ማርሽ ትሄዳለች። ላይኛው ማርሽ ቁልቁለት ላይ አይዝም። 2 ላይ ስታደርገው ከሁለተኛ ማርሽ በላይ አትወጣም። ኤል ደግሞ አንደኛ ላይ ይይዛታል። ያኔ ሞተሩ ራሱ ፍሬን ይሆንልሃል። 3 ወይም የኦቨርድራይቭ (የላይኛው ማርሽ) ማጥፊያ ቁልፍ ያላቸውም አሉ። ማርሹ ላይ ኤስ እና ቢ ያለባቸው ሞዴሎች ደግሞ ለእንዲህ ያለው ቁልቁለት ቢን ይጠቀማሉ።

ወሳኙ ነገር ጊዜው ነው። ማርሽ የሚቀነሰው ከከተማው ስትወጣ፣ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ነው። 2 አድርገህ ልቀቃት። ሞተሩ ሲጮህ አትደንግጥ። 3,000 ወይም 4,000 ዙር ላይ ቢጮህ ምንም አይሆንም፤ ለዚያው የተሠራ ነው። ከቀዩ መስመር በታች ይሁን እንጂ ጩኸቱ አይጎዳውም። ደንበኞቼ ይህን ጩኸት እየፈሩ ወደ ዲ ይመልሱታል። ከዚያ ሸራ ሊያስቀይሩ እኔ ጋ ይመጣሉ። ሞተሩ ይጩህ፤ እግርህ ይረፍ።

2 ላይም ሆና ፍጥነቷ ከጨመረ ፍሬን ያዝ። ስትይዝ ግን ቆፍጠን ብለህ ያዝ። ለምሳሌ 45 ስትደርስ ጠበቅ አድርገህ ወደ 30 አውርዳትና እግርህን ሙሉ በሙሉ አንሳ። እስክትጨምር ድረስ ዲስኩ ነፋስ ያገኛል። እግርን ፔዳሉ ላይ አስደግፎ ለ20 ኪሎ ሜትር በስሱ እያሹ መውረድ ፍሬኑን ፋታ ያሳጣዋል። መንገዱ ደግሞ የሚንሸራተት መሬት ላይ ስለሆነ ቦታ ቦታ ላይ ተሰነጣጥቆ ማዕበል ሠርቷል። ከፊትህ ሲኖትራክ እየተንፏቀቀ ቢሆንም ርቀትህን ጠብቅ እንጂ አትጣደፍ።

የፍሬን ዘይቱን ሳታስቀይር ግን ያንን መንገድ ድጋሚ አትሞክረው። ሙሉ በሙሉ ይቀየር፤ መጨመር ብቻ አይበቃም። ከአራቱም ጎማ አሮጌው ወጥቶ አየሩም ይውጣ። እንደ ልማድ በየሁለት ዓመቱ ይቀየር። የማጠራቀሚያው ክዳን ላይ የተጻፈውን የዘይት ዓይነት ተከተል። ታሽጎ የመጣ ጣሳ ፊትህ ይከፈት፤ ተከፍቶ መደርደሪያ ላይ የከረመ ዘይት ከወዲሁ እርጥበት ጠጥቷል። የሞተር ዘይት ወይም የመሪ ዘይት እዚያ ማጠራቀሚያ ውስጥ አንዲት ጠብታ እንዳይገባ። ጎሚኒዎቹን (የጎማ ማሸጊያዎቹን) ያሳብጣቸዋል፣ ከዚያ ሙሉ የፍሬን ሲስተም ነው የሚቀየረው። ገና ሥራ ስለምድ አንድ ሚኒባስ እንዲህ ተደርጎ መጥቶልን፣ ያላወጣነው ጎሚኒ አልነበረም።

የኤሌክትሪክ መኪና ለያዛችሁም አንድ ቃል። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከታገደ ወዲህ ብዙ ሰው ስለ ቁልቁለት ይጠይቀኛል። የእናንተ መኪና ስትወርድ ሞተሩ ጀነሬተር ሆኖ ባትሪውን እየሞላ ይይዛል። በጣም ጥሩ ነው። ባትሪው 100 ከሞላ ግን ኃይሉን የሚያስቀምጥበት የለውም፤ መያዙ ይዳከማል፣ ሸክሙም ወደ ተራው ፍሬን ይመለሳል። ከቁልቁለት በፊት ጥግ ድረስ አትሙሉት።

አሁን በጣም የማስብበትን ልንገርህ። ፔዳሉ ድጋሚ ወለል ቢነካስ? እግርህን አንስተህ ቶሎ ቶሎ እየደጋገምክ ርገጥ። አንተን ያተረፈህ ይህ ነው። በዚያው ቅጽበት ማርሹን ቀንስ፦ ከዲ ወደ 2፣ ፍጥነቷ ሲወርድ ወደ ኤል። በአንዴ ኤል አትክተት። ኤን እና ፒ ጋ እጅህ እንዳይደርስ። ኤን ያለህን ጥቂት መያዣ ይነጥቅሃል። ፒ ደግሞ መኪናዋ እየሮጠች አይይዝም፤ ካምቢዮውን ይሰብረዋል። ሞተሩን አታጥፋ። የእጅ ፍሬኑን ጫፉ ላይ ያለውን ቁልፍ በአውራ ጣትህ ተጭነህ፣ ቀስ እያልክ ሳበው፤ ኋላዋ መንሸራተት ሲጀምር ላላ አድርገው። በአንዴ መንጭቀህ ከሳብከው ትሽከረከራለህ። ጡሩምባህን አትልቀቅ፣ አራቱንም ፍሬቻ አብራ። ሁሉም እንቢ ካለ ወደ ተራራው በኩል ሂድ። የመኪናዋን ጎን ከተራራው ግድግዳ ጋር ቀስ አድርገህ አሻሻት። ቆርቆሮ ይቀጠቀጣል፤ ይቀጥቀጥ። በጥልቁ በኩል ግን ሁለተኛ ዕድል የለም።

ሽታው ብቻ መጥቶ ፔዳሉ ገና ጠንካራ ከሆነ፣ ሰፊና ከኩርባ የራቀ ቦታ ፈልገህ ቁም። ፒ አድርግ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳብ፣ ግን በእነሱ ብቻ አትተማመን። የጋለ ፍሬን ሲበርድ መያዣው ሊላላ ይችላል። ከቁልቁለቱ በኩል ጎማው ሥር ትልልቅ ድንጋይ አድርግ። ሰዎቹን ከመኪናዋ አውርደህ ከመንገዱ ራቅ አድርገህ አስቀምጥ፤ ከመኪናዋ ፊት ግን ማንም አይቁም። አንጸባራቂውን ሦስት ማዕዘን ምልክት ወደ ኋላ አርቀህ ትከል። ከኋላህ ኩርባ ካለ ከኩርባው በፊት ይታይ፤ የሚመጣው ሹፌር አንተን ከማየቱ በፊት ምልክቱን ማየት አለበት። ሰው ተሽቀዳድሞ ውሃ ይዞ ይመጣልሃል። ደግነቱን አመስግነህ ውሃውን ለልጆቹ አጠጣው። የጋለ ዲስክ ላይ ውሃ ከፈሰሰ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። ቸርኬውንም አትንካ፣ ያቃጥልሃል። ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ነፋስ ብቻ ያብርደው። ከዚያ ገና ሳትነሳ ፔዳሉን ጠበቅ አድርገህ ረግጠህ ለአንድ ደቂቃ ያዘው። እየሰመጠ ከሄደ አትነሳ፤ የሚጎትት መኪና ጥራ። ካልሰመጠ በ2 ቀስ ብለህ ውረድ።

ወደ አዲስ አበባ ስትመለስም ከደጀን በኩል ያው ቁልቁለት ይጠብቅሃል፤ ደጀንን ስትወጣ ማርሹን ቀንስ። መንገድ ላይ ቆመህ ከነበረም ስትነሳ ጎማው ሥር ያደረግካቸውን ድንጋዮች እንዳለ ትተህ እንዳትሄድ። ወርደህ አንድ በአንድ አንሥተህ ከአስፋልቱ ውጪ ጣላቸው። ማታ በሞተር ሳይክል የሚመጣ ሰው አያያቸውም።