ለጀማሪ የሚሆን የፒክልቦል ራኬት፦ የቅዳሜ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ የመኪና ማቆሚያው ላይ በኖራ አስምረን ፒክልቦል (ቀዳዳ ያላትን የፕላስቲክ ኳስ በጠፍጣፋ ራኬት በመረብ ላይ የሚያሻግሩበት ቴኒስ መሰል ጨዋታ) መጫወት ከጀመርን ወዲህ ከምንመታው ኳስ ይልቅ የምጠየቀው ጥያቄ በዝቷል። ያለፈው ቅዳሜ የተጠየቅሁትን እነሆ።

ጥያቄ፦ እህቴ ከአሜሪካ ልትመጣ ነው፤ «ምን ላምጣልሽ?» ስትለኝ ራኬት አልኳት። የትኛውን ልበላት?

መልስ፦ የድርጅት ስም አትጥሪላት፤ ሦስት ነገር ብቻ ንገሪያት። ክብደቱ ከ210 እስከ 235 ግራም፣ ውፍረቱ 16 ሚሊ ሜትር፣ ፊቱ፣ ማለትም ኳስ የሚመታበት ገጽ፣ ፋይበር ግላስ ይሁን። በዚያ አገር ከ30 እስከ 60 ዶላር እንዲህ ያለ አይጠፋም። ስለ ውፍረቱ አጥብቄ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። የራኬቱ ሆድ የማር እንጀራ የመሰለ ፕላስቲክ ነው፤ ወፈር ሲል ኳሷን ያበርዳታል፣ ቀጠን ሲል ያስፈነጥራታል። እኛ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነን፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ኳሷ ያለዚያም ትከንፋለች። በቀጭን ራኬት የሚማር ሰው ጠዋቱን ከአጥር ውጭ ኳስ ሲለቅም ያሳልፋል። ሻንጣዋ ቦታ ካለው 40 ቀዳዳ ያላቸውን የውጭ ሜዳ ኳሶችም ታምጣ። በጠዋት ብርድ የኳሶቹ ፕላስቲክ ቶሎ ይሰነጠቃል።

ጥያቄ፦ ለራኬቱ ፊት ካርቦን ፋይበር ይሻላል ሲሉ ሰማሁ።

መልስ፦ ኳስ ማሾር ለሚችል ይሻላል። ሻካራ ፊቱ ኳሷን ይዞ ያሾራታል፤ ነገር ግን ሻካራነቱ በጨዋታ ብዛት እያለቀ ይሄዳል። አንተ ገና ከመረቡ ለማሻገር ስትታገል፣ የከፈልክበት ነገር ሳትጠቀምበት ያልቃል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አናጺ ዘንድ ማሠራትስ?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ፤ ጨዋታው ራሱ የተጀመረው እንዲያ ነውና። በ1965 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ በዋሽንግተን ግዛት ባይንብሪጅ ደሴት፣ ጆኤል ፕሪቻርድና ቢል ቤል የሚሰለቹ ልጆቻቸውን ለማጫወት በጠረጴዛ ቴኒስ ራኬት ጀመሩት። ቀጥሎ ወዳጃቸው ባርኒ ማካለም ኮምፔንሳቶ ቆርጦ ራኬት ሠራ። የማር እንጀራው ሆድ የመጣው በ1984 ነው፤ አርለን ፓራንቶ የተባለ የቦይንግ መሐንዲስ ለአውሮፕላን የሚውለውን ቁስ ወስዶ ሞከረው።

ስለዚህ አሠራው። ደንቡ ቁመትና ወርድ ተደምሮ ከ61 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ይላል፤ 40 በ20 ብታስቆርጥ ይበቃሃል። 8 ሚሊ ሜትር የሆነውን ኮምፔንሳቶ ምረጥ፣ ጠርዙም ይለስልስ። እኛ አራት አሠርተን ባለሱቁ ሚዛን ላይ ብናስቀምጣቸው እያንዳንዳቸው ከሩብ ኪሎ ስኳር በለጡ። ለግማሽ ሰዓት ምንም አይል፤ ከዚያ በኋላ ግን ክርን ላይ ይናገራል። ክርንህ ቀድሞውኑ የሚያምህ ከሆነ ተወው።

ጥያቄ፦ እጄ ትንሽ ነው፤ እጀታውን እንዴት ልለካ?

መልስ፦ ከቀለበት ጣትሽ ጫፍ እስከ መዳፍሽ መካከለኛ መስመር ድረስ በሜትር ለኪ። ያ ቁጥር የእጀታው ዙሪያ ነው፤ አብዛኛው ከ10 እስከ 11.5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ከሁለት መካከል ከተጠራጠርሽ ቀጭኑን ውሰጂ። ቀጭን እጀታ በመጠቅለያ ይወፍራል፤ ወፍራሙን ግን ማቅጠን አስቸጋሪ ነው።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ልግዛ?

መልስ፦ ግዛ፤ ግን ሐብሐብ እንደምትመርጠው አንኳኳው። ፊቱን ከዳር እስከ ዳር በጣትህ ስትመታ አንድ ቦታ ላይ ድምፁ ከተለወጠ ወይም ያበጠ ነገር ካየህ ፊቱ ከሆዱ ተላቋል። እኔ ሳላንኳኳ አንዱን ገዝቼ አሁን ልጄ ምድጃ ያራግብበታል።

ጥያቄ፦ ኮብልስቶን ላይ መጫወት ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም። ኳሷ ወዴት እንደምትነጥር የሚወስነው ድንጋዩ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ረጅም ራኬት ወይስ ሰፊ?

መልስ፦ ሰፊ። ረጅሙ ቴኒስ ለለመደ ሰው ነው። ጀማሪ ኳሷን በጠርዝ መምታት ስለሚያበዛ ስፋት ያተርፈዋል። ብታምንም ባታምንም ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ና፤ ሁለቱንም ሞክራቸው። የራስህን ውኃ ይዘህ ና እንጂ የግቢው ቧንቧ ቅዳሜ አይመጣም።