መልስ፦ አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ባለው ላሰን ተራራ ፓርክ ፍል ውሃው ውስጥ እግር መንከር ይቻላል?

አይቻልም፣ ጣትህንም እንዳትነክር። «ውሃው ካልተንፈቀፈቀ ምን ችግር አለው?» ብለሃል። ፍል ውሃው ያለበት የፓርኩ ክፍል፣ ቡምፓስ ሄል፣ የመታጠቢያ ፍል ውሃ አይደለም። አሲድም አለበት። ደግሞ ቦታው ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ስለሚል፣ ውሃ እዚያ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቆዳ ለመላጥ ከበቂ በላይ!

ለማየት ግን ግሩም ነው። ከእንጨት መተላለፊያው ሳትወርድ እንደልብህ እይ። የእግር መንገዱ በበረዶ ተዘግቶ እስከ ሐምሌ ሊቆይ ስለሚችል፣ ክፍት መሆኑን ሳታጣራ እንዳትሄድ።

አንድ ነገር ልንገርህ፤ እኔን ያስፈራኝ ውሃው ሳይሆን መሬቱ ነው። ጠንካራ ይመስላል እንጂ ስስ ቅርፊት ነው። የቦታው ስም የመጣው በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቦታውን ካገኘው ቡምፓስ ከተባለ ሰው ነው። መሬቱ ከድቶት እግሩ ተቃጠለ፣ በኋላም ተቆረጠ። ልጅ ይዘህ ከሄድክ እጁን እንዳትለቅ።