የመጽሐፍ በዓል ነው ወይስ የባህል ልብስ ትርዒት?

ጥያቄ፦ ጋሼ ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ የሙያ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት እሠራለሁ። ዲናችን "የብዙ ባህሎች የመጽሐፍ በዓል እናዘጋጅ" ብለው ኮሚቴ አቋቋሙ፤ ጸሐፊዋም እኔ ሆንኩ። ተማሪዎቻችን አማርኛ፣ አዊኛ፣ ኽምጣኛና ኦሮምኛ ይናገራሉ። ኮሚቴው እስካሁን የተስማማው ግን በልብስ፣ በጭፈራና በቡና ላይ ብቻ ነው። መጽሐፍ ሳነሳ "እሱ ይደርሳል" ይሉኛል። በጀቱም ከድንኳንና ከውኃ አያልፍም። ምን ላድርግ?
(የቤተ መጻሕፍቷ ልጅ)

መልስ፦ እህቴ፣ "እሱ ይደርሳል" የተባለ ነገር አይደርስም። በዓይኔ አይቻለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት እንዲህ ያለ ዝግጅት ላይ ተጋብዤ ነበር። ድንኳኑ ያምራል፣ ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ ልጆቹ እንደየባህላቸው ለብሰው ፎቶ ይነሳሉ። መጽሐፎቹስ? ከጄኔሬተሩ አጠገብ አንድ ጠረጴዛ ላይ ላስቲክ ለብሰው ተኝተዋል፤ ጠዋት ካፊያ ነበርና። የክብር እንግዳው ንግግር ብቻ አርባ ደቂቃ ፈጀ። ርዕሱ የንባብ ጥቅም ነበር፣ ይገርምሻል።

ላስቲኩን የገለጠችው አንዲት የእንጅባራ ልጅ ናት፣ ያውም ሰው መበተን ከጀመረ በኋላ። ከሥሩ አንድ የአዊኛ መማሪያ መጽሐፍ አወጣች፣ የሕፃናት ክፍል ነው፣ ጠርዙ የተበላ። እናቷ ጋ ደወለችና ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋ ማንበብ ጀመረች። እናትየው ከወዲያ ሆነው አንዷን ቃል ሦስቴ አሳረሟት። በሦስተኛው እኛም ሳቅን፣ እሷም ሳቀች፣ ሊሄድ የነበረው ሰው ተመልሶ ከበባት። ከዚያ ቀን ዝግጅት ዛሬ ድረስ የማስታውሰው እሱን ብቻ ነው።

ስለዚህ ጭፈራውን ሰርዢ አልልሽም፣ ሰው የሚመጣልሽ በሱ ነው። ቅደም ተከተሉን ግን ገልብጪው። መጀመሪያ በየቋንቋው ጮክ ብሎ የሚያነብ አንድ አንድ ሰው ፈልጊ፤ ቀጥሎ ያ ሰው የሚያነበውን መጽሐፍ፤ ልብሱ ከዚያ ይመጣል። አንባቢ ያላገኘሽለትን ቋንቋ ፖስተር ላይ እንዳትጽፊው።

መጽሐፍ ለማግኘት አዲስ አበባ ድረስ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ የለብሽም። አዊኛ፣ ኽምጣኛና ኦሮምኛ በክልላችን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይሰጣሉ፤ ሌላው ቢጠፋ መማሪያ መጽሐፍ አለ። ተማሪዎቹ ከቤታቸው ያመጡልሻል፣ ብቻ የማን እንደሆነ መዝግቢና በሰላም መልሺ፣ አለዚያ ለከርሞ የሚያውስሽ የለም። ፖስተሩንም ተጠንቀቂ። አዊኛና ኽምጣኛ የሚጻፉት በግዕዝ ፊደል ነው፣ ኦሮምኛ ደግሞ በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል። በድሮው የግዕዝ ፊደል መጻፊያ ፕሮግራም፣ በፓወር ግዕዝ፣ የተጻፈ ነገር ፎንቱ የሌለበት ማተሚያ ቤት ሲደርስ ዝብርቅርቁ ይወጣል። የቋንቋው ባለቤት የሆነ ተማሪ አይቶ "ይታተም" ሳይል ብር አትክፈይ።

ግዕዝንም አትርሺው፣ የምትኖሪው ጎጃም ነው! ዋሸራንና ጎንጅን የመሰሉ የቅኔ ቤቶች ያሉበት አገር። አንድ የቅኔ ተማሪ ጋብዢና ጉባኤ ቃና የሚባለውን አጭር ቅኔ ይዝረፍላችሁ፣ ማለትም እዚያው ይፍጠርላችሁ። ሁለት ቤት (ስንኝ) ብቻ ስለሆነ ማንም አይሰለቸውም። ከዚያ ሰሙንና ወርቁን በአማርኛ ይፍታው። ቁም ጸሐፊ ካገኘሽማ በመቃ ብዕር ብራና ላይ ሲጽፍ ልጆቹ ከበው ይዩት። የጣናን ገዳማት ግን "የብራና መጽሐፍ አውሱን" ብለሽ እንዳታስቸግሪያቸው። ያን ማየት የፈለገ በጀልባ ይሂድ።

ጀልባ ካልኩ ጣና ዳር ያለችውን ዘጌን ላንሳ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የተወለደው እዚያ ነው። በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተመው "ልብ ወለድ ታሪክ" የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ይባላል። ስንቱ ተማሪ ዘጌ ሄዶ ፎቶ ተነስቶ ሲመለስ ይህን አያውቅም። ሰውየው ከጣልያን ጋር በማበሩ ይወቀሳል፣ እሱንም ሳትደብቁ አንሱት። ከፓናል ውይይት ይልቅ ጥሩ ክርክር ይወጣዋል።

ጣና ዳር የሚኖሩትን የነገደ ወይጦ ሰዎች ጋብዘን ታንኳ ሲሠሩ እናሳይ የሚል ኮሚቴ ውስጥ አይጠፋም። ይጋበዙ፣ ግን ማይኩም ይሰጣቸው። ሰውን ጠርቶ ታንኳ የሚሠራበትን ደንገል ሲያስር ብቻ ዙሪያውን ቆሞ ማየት ነውር ነው።

ቀኑን ከጠየቅሽኝ የካቲትን እመርጣለሁ። ዩኔስኮ በ1992 ዓ.ም. የወሰነው የአፍ መፍቻ ቋንቋ ቀን በእኛ አቆጣጠር የካቲት 13 ወይም 14 ይውላል። በ1944 ዓ.ም. በዛሬዋ ባንግላዴሽ ዳካ ላይ ለቤንጋሊ ቋንቋቸው ሰልፍ የወጡ ተማሪዎች የተገደሉበት ቀን ነው፣ ለተማሪ ይገባዋል። ዝናብም ስለሌለ ላስቲክ አያስፈልግሽም። ዐቢይ ጾም ወይም ረመዳን ሊገጥምሽ ስለሚችል የምግቡን ነገር ቀደም ብለሽ አስቢበት። የንግግር ሰዓት ለማንም ቢሆን አምስት ደቂቃ! ለዲኑም ጭምር።

ጥያቄ፦ የግጥም መጽሐፍ በራሴ ወጪ አሳትሜ ካርቶኑ አልጋ ሥር ተቀምጧል። እንዲህ ያለ በዓል ላይ ይሸጥልኛል? ደግሞ አንዱ ገዝቶ ፒዲኤፍ አድርጎ ቴሌግራም ላይ ቢለቅብኝስ?
(ገጣሚው፣ ከአባይ ማዶ)

መልስ፦ ካርቶኑን ሙሉ አትሸከም። ሃያ መጽሐፍ ይበቃል፣ ቢያልቅ ደስ ይላል፣ ባያልቅ ወገብህ አይጎዳም። ሦስት ግጥም አንብብ፣ አራተኛውን ከፈለጉ መጽሐፉ ውስጥ ያገኙታል። ዝርዝር ብር ያዝ። መጽሐፍህን ለክብር እንግዶች በነፃ አታድል፣ መኪና ውስጥ ነው የሚረሱት። ለቤተ መጻሕፍቷ ልጅ ግን አንድ ስጣት።

ፒዲኤፉን በተመለከተ ሕጉ ካንተ ጋር ነው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲ የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ረቂቅህንና የማተሚያ ቤቱን ደረሰኝ አትጣል። አንዱ ከለቀቀብህ መጀመሪያ የቻናሉን ባለቤት በጨዋ ቋንቋ "አውርደው" በለው፤ የሚያፍርና የሚያነሳ አለ። ካላነሳ ወደ ሕግ ትሄዳለህ።

ጥያቄ፦ ኮሌጃችን ውስጥ የመጽሐፍ በዓል አለ። እናቴ ማንበብ አትችልም፣ ይዣት ብሄድ የምትሳቀቅ ይመስለኛል። ልተዋት?
(ተማሪ)

መልስ፦ ለምን ትተዋታለህ? አዘጋጆቹ አንድ ጥግ ለተረትና ለእንቆቅልሽ ይስጡ፣ አንተ እሷን እዚያ አስቀምጣት። እሷ "እንቆቅልህ" ስትል "ምናውቅልህ" የሚል አንድ ሺህ ሕፃን ይመጣል። አንተ ደብተር ይዘህ አጠገቧ ተቀመጥ፣ ተረቷን እንደተናገረችው ጻፈው፣ ቃሏን ወደ መጽሐፍ አማርኛ አታርመው። ከላይ ስሟን ጻፍበትና ከሌሎቹ መጽሐፎች ጋር ጠረጴዛው ላይ አኑረው። ወንበሯን ብቻ ጥላ ሥር አድርግላት፣ የየካቲት ፀሐይ ቀልድ አያውቅም።